በመብረዝ የወጣ አሰላለፍ

ኃይለማርያም የቡድኑ የተከላካይ መስመር ምን እንደሚሆን የሰማው መሰላል ላይ ቆሞ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ነበር። የሀጂ ከይረዲን መብረዝ ክሊም ውሃ ማንጠባጠብ ጀምሯል። መብረዝ ጅቡቲዎች ለበርጫ የሚቀመጡበት ክፍል ነው፤ ክሊም የሚሉት ደግሞ ኤሲውን። በግንቦት ወር ጅቡቲ ውስጥ ክሊም የተበላሸበት መብረዝ ዳቦ መጋገሪያ ነው። ስለዚህ ሀጂ ከምሳ በፊት ደውለው ጠሩት፤ እሱ ግን ሄሮን ሰፈር አንድ ጣሪያ ላይ ስለነበር ሲደርስ ጫቱ ከተማ ገብቶ፣ መሥሪያ ቤቱ ተዘግቶ፣ ሰዉ ትራሱን ተደግፎ ጨርሶ ነበር። "ይቅርታ" ብሎ በእግሮቻቸው መሐል መሰላሉን ተከለና የክሊሙን ሽፋን ፈታ። የውሃ ማስወገጃው ቱቦ በአቧራ ተደፍኗል። ቀላል ሥራ ነው።

ከታች ያሉት ዓርብ ከሳሊን ቡድን ጋር ስላለው ጨዋታ ያወራሉ። ሀጂ ከይረዲን የጎማና የመለዋወጫ ነጋዴ፣ ከዚያ በላይ ግን የኤትዋል እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት ናቸው። አጠገባቸው አሠልጣኙ ዓብዱረዛቅ ተቀምጧል። ዓብዱረዛቅ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ፣ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ስፖርት የሚያስተምር ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ለተጫዋቾቹ ጫት ከልክሏል። ራሱን ግን አልከለከለም።

"ሳሊን ሁለት የክንፍ ተጫዋቾች አሉት" አለ ዓብዱረዛቅ። "ሁለቱም ሞተር ብስክሌት ናቸው። ሞተር ብስክሌት መንገድ ሲያጣ ምን ያደርጋል?"

"ይቆማል!" አለ አንዱ።

"ይቆማል። መስመራችንን ከሳጥናችን አውጥተን እስከ መሐል ሜዳ እንገፋዋለን። ኳስ ከኋላችን ሲጥሉ አጥቂዎቻቸው ከጨዋታ ውጪ ሆነው ይገኛሉ። ጨዋታው አለቀ።"

ቅጠላቸው የተለቀመ የጫት እንጨቶች አንስቶ ትሪው ላይ በተርታ ደረደረ። አራት ተከላካዮች። ከመሐል ያኖራት ከሁሉም ወፍራሟ ነበረች።

"ይቺ ኃይለማርያም ናት። አምበሉ ከመሐል ሆኖ መስመሩን ይመራል።"

"ወፍራሟን መረጥክለት" አሉ ሀጂ፤ ክፍሉ ሳቀ።

ኃይለማርያም ቱቦውን በእጁ እንደያዘ ወደ ታች አየ። "ኮች፣ ያቺ እንጨት ወደ ኋላ ዞራ መሮጥ ሲኖርባትስ?"

"እንጨት አይሮጥም!" ሲል አንዱ ከጥግ መለሰ። ሳቁ ባሰ።

"ዓርብ ከመድረሱ በፊት እንሞክረውና ከዚያ ወስኑ ነው የምለው።"

"ኃይሌ" አሉ ሀጂ፣ ሳይቆጡ። "አንተ ክሊማችንን ሥራ። የቆመ ሰው ቃል እዚህ ቤት አይያዝም።"

እውነት ነው፤ የመብረዝ ደንብ ነው። ጫማውን አውልቆ ያልተቀመጠ ሰው መልእክተኛ ነው፣ ወይም ጠጋኝ። ሀጂ ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ ሁሉም "አሚን" አለ። አሰላለፉ ታሰረ። ምርቃናው ልኩ ላይ የደረሰበት ሰዓት ነበር። በዚያ ሰዓት ጅቡቲ ውስጥ ድልድይ ይሠራል፣ ንግድ ይስፋፋል፣ የተጣላ ይታረቃል፤ ሰውም ሁሉ ፈጣን ነው። የሠላሳ ስድስት ዓመት ተከላካይ እንኳ።

ኃይለማርያም ሽፋኑን መልሶ ገጠመና መሰላሉን ተሸክሞ ወጣ።

አያቱ ከድሬዳዋ የመጡት በባቡር ሠራተኛነት ነው። አባቱም እዚያው ጣቢያ ኖሮ ጡረታ ወጣ። እሱ ካርቲየ 4 በሚባል ሰፈር ተወልዶ፣ ካርቲየ 4 ኳስ ተምሮ፣ ከሱማሌ ልጆች ጋር በሱማሌኛ ሲሰዳደብ አድጎ፣ ቤት ሲገባ አማርኛ የሚናገር የጅቡቲ ልጅ ነው። ባቡሩ የአባቱን ዘመን ብቻ አብልቶ ስለቆመ እሱ ክሊም ጥገና ተማረ። ሙቀት ጡረታ አይወጣም።

ኤትዋል የቡላኦስ ሰፈር ቡድን ነው። ተጫዋቾቹ ከክለቡ የሚያገኙት ድጎማ እንጂ ደመወዝ ሊባል አይችልም፤ ሁሉም ሌላ እንጀራ አለው። ግብ ጠባቂው መልአኩ ወደብ ላይ የጭነት መኪና ሰነድ የሚያስጨርስ ትራንዚተር ነው። ተጠባባቂ ተከላካዩ ገለታ ደግሞ ወደ የመን ለመሻገር ከሐረርጌ መጥቶ፣ ጀልባ ሲጠብቅ አንድ ቀን ሜዳ ዳር የተቀመጠ፣ ጫማ ተውሶ የገባ፣ ከዚያ በኋላም ያልሄደ ልጅ ነው። ቀን ቀን ገበያ ውስጥ ጆንያ ይሸከማል።

በዘንድሮው ውድድር ኤትዋል አራተኛ ወጣ። አራቱ ወደ ጥሎ ማለፍ ይገባሉ፤ አራተኛው አንደኛውን ይገጥማል። አንደኛው ሳሊን ነው። ሳሊን ኤትዋልን በዓመቱ ውስጥ ሁለት ጊዜ አሸንፎታል፣ ሁለቱንም ጊዜ በክንፍ። ቡላኦስ ሻይ ቤት ውስጥ ለኤትዋል የሚወራረድ ሰው አልተገኘም። ክለቡ ዋንጫ አንስቶ አያውቅም። ኃይለማርያም ጥሎ ማለፍ ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስቴም ተሸንፎ ወጥቷል። አራተኛው ይኸው ነው፤ አምስተኛ እንደማይኖር ማንም አልነገረውም፣ መንገርም አያስፈልገውም። ዋንጫውን ይፈልጋል። ሌላ የተወሳሰበ ነገር የለውም።

የዚያ ሳምንት ልምምድ ጎህ ሲቀድ ነበር። የተባለው ምክንያት ሙቀት ነው። ሌላውን ምክንያት፣ አሠልጣኙ ከሰዓት በኋላ ቀጠሮ እንዳለው፣ ሁሉም ያውቃል።

ረቡዕ መስመሩን ሞከሩት። ገለታ የሳሊንን የክንፍ ተጫዋች ሆኖ ከተቃራኒ ወገን ገባ። የመጀመሪያዋ ኳስ ከተከላካዮቹ ራስ በላይ አልፋ ወደቀች። ኃይለማርያም ዞረ። ሲዞር ግን እንደ ተሳቢ መኪና ሰፊ ቦታ ፈለገ፤ ቀና ሲል ያየው የገለታን ጀርባ ነው። ግብ።

"ይቅርታ ጋሽ ኃይሌ" አለ ገለታ ሲመለስ።

"ጋሼ አትበለኝ። ድገመው።"

ደገመው። ሦስተኛም አገባ። መልአኩ ከግቡ በር ላይ ጓንቱን አውልቆ ወረወረ። "ኧረ በእግዚአብሔር! ከኋላችሁ ያለው ሜዳ ለብቻዬ ነው እንዴ? ሰው አከራዩበት!"

"አፍህን ዝጋና ውጣ!" አለ ዓብዱረዛቅ፤ ድምፁ ግን የማክሰኞው ድምፅ አልነበረም።

ልምምዱ ሲያልቅ ኃይለማርያም አሠልጣኙን ኳስ ላይ ቁጭ ብሎ አገኘው። ዓይኑ ቀልቷል።

"አየህ?" አለው ኃይለማርያም።

"አየሁ። ማክሰኞ የታየኝ ሌላ ነበር።"

"እንግዲያው ተወው። ወደ ሳጥናችን እንውረድና እንደለመድነው እንከላከል።"

"በምን አፌ? አሚን ተብሎበታል። መስመሩን ባነሳ የተናገርኩትን በላሁ። አንተን ባነሳ ደግሞ አምበሌን በሀጂ ፊት ከፍ አድርጌ በሜዳ አዋረድኩት ይባላል። በዚያ ክፍል የታሰረ በዚያው ክፍል ነው የሚፈታ። እኔ ደግሞ አልፈታም፤ አሳሪው እኔ ነኝ።"

ኃይለማርያም ቀኑን ጣሪያ ለጣሪያ ሲዞር ዋለ። ኮምፕሬሰር ሲፈታ፣ ጋዝ ሲሞላ፣ የሚናገረውን አዘጋጀ። ዕቅዱ ሞኝነት ነው። ኤትዋል ቁመት አለው፣ በጭንቅላት የሚገጭ ሰው አለው፤ ሳሊኖች ኳሷን ወደ ሳጥኑ ይጣሏት፣ እሱ ይጠብቃታል። ይህን ዕቅድ መግደል አለበት። ማታ ይህንኑ ለሚስቱ ነገራት። ሰብለወርቅ ሰፈራቸው ውስጥ የሴቶች ፀጉር ቤት አላት፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ብሶት ስትሰማ ስለምትውል ቤት ስትገባ ብዙ አትታገሥም።

"ዕቅዱ ነው ሞኝ ወይስ አንተ ነህ ያልሮጥከው?" አለችው።

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እኔ ፀጉር ሲበላሽብኝ መጀመሪያ ቀለሙን አልሰድብም። እጄን ነው የማየው።"

"ኳስና ፀጉር አንድ ነው እንዴ?"

"አይደለም። ፀጉር ያድጋል። ዓርብ ግን አንድ ናት።"

ቀሪውን ራት አልበላም። ሳህኑን አንስታ ስትሄድ አላባበለችውም።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ዓብዱረዛቅን ለብቻ ጠራው። "ዛሬ ገለታን በእኔ ቦታ አስገባው። እኔ ከውጭ ሆኜ ልየው።" ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ መስመሩ ያለ እሱም ሲፈርስ ማየት ይፈልጋል። ያኔ ጥፋቱ የዕቅዱ ይሆናል፣ ዕቅዱም ይሞታል።

መስመሩ አልፈረሰም።

ገለታ መሐል ገብቶ እጁን ሲያነሳ አራቱ አብረው ወጡ። ኳሷ ከኋላ ስትጣል አጥቂዎቹ ከጨዋታ ውጪ ሆነው ቆመው ቀሩ። አንዱ አምልጦ ሲሮጥ ገለታ ደረሰበት፣ ኳሷን ነጥቆ ለመልአኩ መለሰለት። እንደገና። እንደገና። መልአኩ ዝም አለ፤ መልአኩ ዝም ካለ ነገሩ ሠርቷል ማለት ነው። ኃይለማርያም ከሜዳው መስመር ውጭ እጁን አጣምሮ ቆሞ ነበር። ማስረጃ ፈልጎ ነበር፣ ማስረጃው መጣለት። የመጣው ግን በእሱ ላይ ነው።

መሄድ ይችል ነበር። ሥራ አለኝ ቢል ማንም አይጠይቀውም። አልሄደም። ልምምዱ ሲረዝም፣ ፀሐይ ከፍ ስትል፣ ሌላ ነገር አየ። መስመሩ መጉበጥ ጀመረ። አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ትንፋሹን ሲሰበስብ ሁለት እርምጃ ይዘገያል። በዚያ ሁለት እርምጃ ውስጥ አጥቂ ያልፋል። አለፈ። ግብ ገባ። ሌላም ገባ። ዓብዱረዛቅ ልምምዱን አስቆመና "ደክሟችኋል፤ ነገ ትኩስ ትሆናላችሁ" አላቸው። ኃይለማርያም ግን ነገም ጨዋታው መጨረሻ ላይ መድረሱ እንደማይቀር ያውቃል።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ሱሪያ ሄደ። ሱሪያ ጥላዋን ዘርግታ እርጥብ ጆንያ ሥር ጫት የምትሸጥ፣ ካርቲየ 4ን ከእነ ኃጢአቱ የምታውቅ ሴት ናት። ስታየው አፏን ያዘች።

"ኃይሌ! ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። አንድ ጥሩ ዙርባ ጫት ስጪኝ።"

"አንተ ልትቅም? ከመሰላል ላይ ወድቀህ ሚስትህ እኔን ልትከስ?"

"ለመቀመጫ ነው።"

ሱሪያ ትንሽ አየችውና ከሥር ያለውን፣ ለደንበኛ የሚወጣውን አወጣችለት። "እንግዲህ ከተቀመጥክ አይቀር ተደግፈህ ተቀመጥ" አለችው። "ጫፍ ላይ የሚቀመጥ ሰው ማንም አይሰማውም።"

መብረዙ በር ላይ ጫማውን አወለቀ። ሀጂ ቀና ብለው አዩት።

"ክሊሙ ደህና ነው" አሉ። "በረዶ ሆነልን።"

"ለክሊም አልመጣሁም ሀጂ። ልቀመጥ ነው።"

ሁለት ሰዎች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁለት። ዙርባውን በሀጂ ፊት አኖረ፣ ግራ ክንዱን ትራስ ላይ ጣለ፣ ተደገፈ። ዓብዱረዛቅ ከመሬት ዓይኑን አላነሳም። ማክሰኞ የቀለደበት ሰውም ያው ጥጉ ላይ ነው።

"ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነው" አለ ኃይለማርያም። "ማክሰኞ ያሰራችሁት መስመር ልክ ነው።"

ዓብዱረዛቅ ቀና አለ።

"ልክ ነው። የተሳሳተችው ወፍራሟ እንጨት ናት። እሷን አውጧት። ገለታን አስገቡ።"

"አምበላችን ለጥሎ ማለፍ ወንበር ላይ?" አሉ ሀጂ። "ሰው ምን ይለናል?"

"ሳሊን ሦስት ካገባብን የሚለውን ያህል አይልም።"

"በሸክም የሚኖር ልጅ ነው" አለ ከጥግ ያለው ሰው። "ነገ ጀልባ ቢያገኝ ጥሎን የሚሄድ።"

"ነገ ጀልባ ቢያገኝ ከእኔ ቀድሞ ይደርስባታል፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው።"

ሀጂ ፈገግ አሉ፤ ሌሎቹ ሳቁ። ኃይለማርያም ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"አንድ ነገር ግን እጠይቃለሁ። አሚን እንዲባልበት ነው የመጣሁት። መስመሩ መጨረሻው ላይ ይደክማል። ዛሬ በዓይኔ አየሁት። ያን ጊዜ እየመራን ከሆነ መስመሩ ወደ ሳጥናችን ይውረድ፣ ከአጥቂዎቹ አንዱ ይውጣ፣ እኔ ከገለታ ጎን ልግባ። ሰዓቱ ሲደርስ እኔ እናገራለሁ።"

"አንተ?" ዓብዱረዛቅ ተነሥቶ ሊቆም ምንም አልቀረውም። "ቅያሪ የአሠልጣኝ ሥራ ነው!"

"አሰላለፍ የመብረዝ ሥራ ከሆነ፣ ቅያሪስ የወንበር ሥራ ቢሆን ምን አለበት?"

አሁን ሀጂም ከት ብለው ሳቁ። ዓብዱረዛቅ ብቻ አልሳቀም። አገጩን እያሸ አሰበ። ኳስ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ምርቃና ላይም ቢሆን ያውቃል።

"እየመራን ካልሆነስ?" አለ።

"ካልሆነ አፌን አልከፍትም። ውሃ አቀብላለሁ።"

"ከሰዓቱ በፊት ተነሥተህ ብታሳጣኝስ?"

"ዐሥራ ሰባት ዓመት ሜዳ ላይ ነበርኩ ዓብዱ። መቼ ነው ያሳጣሁህ?"

ዓብዱረዛቅ እሺ ለማለት ራሱን ነቀነቀ። ሀጂ መዳፋቸውን ዘረጉ። "አሚን" አለ ክፍሉ። ከዚያ ሀጂ ኃይለማርያም ካመጣው ዙርባ አንዲት ቀንበጥ ቀንጥበው ሰጡት። "ቃል ያሰረ ባዶ አፉን አይወጣም።" ኃይለማርያም አንዷን ቅጠል አላመጠ። መረረችው። ዋጣት።

ዓርብ ሙቀቱ ሲበርድ ጨዋታው ተጀመረ። ኃይለማርያም ወንበር ላይ ተቀመጠ። አምበልነቱን መልአኩ ይዟል። ከጀርባው የቡላኦስ ደጋፊ በሱማሌኛ "ሽማግሌው ምን ሆነ?" ሲል ሰማ፤ ሌላው "አረጀ" ብሎ መለሰለት። አልዞረም።

መስመሩ ሠራ። የሳሊን ሞተር ብስክሌቶች ገና መሮጥ ሲጀምሩ የረዳት ዳኛው ባንዲራ ይነሣል። የሳሊን ደጋፊ ዳኛውን ሰደበ፣ ቀጥሎ የዳኛውን እናት ሰደበ። ገለታ እጁን ሲያነሳ ሦስቱ ይከተሉታል፤ ያመለጠውን ይደርስበታል። ኃይለማርያም ደስ አለው ማለት ውሸት ነው። ግን ዓይኑን ከመስመሩ አልነቀለም፤ የተቀመጠው ለዚያ ነው። ከዕረፍት መልስ ኤትዋል በማዕዘን ምት አንድ አገባ። ወንበሩ ሁሉ ሲነሣ እሱ ተቀምጦ ነበር፤ እግሮቻቸውን ያያል።

ከዚያ መስመሩ ጎበጠ። መጀመሪያ በቀኝ በኩል፤ ቀኝ ተከላካዩ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆመ። ኃይለማርያም ተነሥቶ የላይ ልብሱን አወለቀ።

"አሁን" አለ።

ዓብዱረዛቅ ከሜዳው አልዞረም። "ቆይ፤ ይዘዋል።"

"አልያዙም። ኮች፣ አሁን።"

"ገለታ ገና ትንፋሽ አለው።"

"ገለታ አለው። አጠገቡ ያሉት የላቸውም። መስመር ነው እንጂ አንድ ሰው አይደለም።"

ዓብዱረዛቅ አፉን ሲከፍት ኳሷ በቀኝ በኩል አለፈች። የሳሊኑ የክንፍ ተጫዋች ብቻውን ሄደ። ባንዲራ አልተነሣም። መልአኩ ወጣ፣ ወደቀ፣ ኳሷ እግሩን ነክታ የግቡን ቋሚ ጨረፈችና ወደ ውጭ ወጣች። ሜዳው ሁሉ ጮኸ። የማዕዘን ምት።

ዓብዱረዛቅ ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ወደ አራተኛው ዳኛ ዞሮ እጁን አነሳ። "ቅያሪ!"

አጥቂው እያነከሰ ወጣ። ኃይለማርያም ገባ። መልአኩ የአምበልነቱን ጨርቅ ከክንዱ መፍታት ጀመረ።

"ተወው" አለው። "ጊዜ የለም። ግብህን ጠብቅ።"

ሳጥኑ ውስጥ ቆሞ ዞር ብሎ አያቸው። የቀኙ ላቡን ከዓይኑ ይጠርጋል። ገለታ የሚያዘውን ይጠብቃል። ደረታቸው ሁሉ ከፍ ዝቅ ይላል።

"መስመሩ አለቀ" አላቸው። "ውረዱ። ሁላችሁም ውረዱ፤ ከዚህ ነጭ መስመር ማንም እንዳይወጣ። ገለታ፣ መሬት ላይ የመጣውን አንተ፣ አየር ላይ የመጣውን እኔ።" በሱማሌኛ ደገመው፤ በፈረንሳይኛም ጮኸ። ወረዱ።

የማዕዘኑ ምት ተመታ። ኳሷ ከፍ አለች፣ ከመብራቱ ጋር ተቀላቀለች፣ ወረደች። ለእሷ መሮጥ አላስፈለገውም። ዘለለ፣ ግንባሩን ሰጣት፣ ከሳጥኑ ውጭ ወረወራት። ሲያርፍ ጉልበቱ አመመው። ሳሊኖች አነሷትና መለሷት። ገጫት። በሌላው ክንፍ ዞረው መጡ።

"ባላችሁበት!" አለ፣ እጁን ዘርግቶ። "ባላችሁበት!"

ኳሷ እንደገና ተነሣች። ከነጩ መስመር አንድም ሰው አልወጣም፤ ኃይለማርያም ዘለለ።